ገና በኮትስዎልድስ፦ የድንጋይ ቤቱ፣ ምድጃውና የመንደሩ ፐብ

በእንግሊዝ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን አብዛኛዎቻችን የፈረንጆቹን ገና የምናውቀው ከከተማ ነው። የገጠሩን ገና፣ ማለትም በፖስት ካርድ ላይ የምናየውን የድንጋይ ቤት፣ የሚነድ ምድጃና የመንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ገብተን ያየነው ጥቂቶች ነን። ባለፈው ዲሴምበር እኔና ባለቤቴ፣ ሴት ልጃችንና ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ በኮትስዎልድስ ኮረብቶች መካከል አንድ ቤት ለገና ሳምንት ተከራይተን ቆይተናል። ይህ ጽሑፍ የቤቱና የገናን ምሳ የበላንበት የመንደሩ ፐብ (እንግሊዞች መጠጥና ምግብ የሚያቀርቡበት ቤት) ግምገማ ነው። የቤቱን ስም አላነሣም፤ የምናገረው ነገር በብርዱ ወራት የገጠር ቤት የሚከራይ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ እንጂ አንዲትን አከራይ ለመንቀፍ የታሰበ አይደለም። ፐቡን ያለ ምንም ማመንታት አመሰግናለሁ፤ ቤቱን ግን ለሌላ ሰው የምመክረው በቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውም ሙቀት ነው።

ኮትስዎልድስ ስድስት አውራጃዎችን የሚነካና ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የኮረብታ አገር ሲሆን፣ ከ1966 ጀምሮ ስለ ተፈጥሮ ውበቱ በሕግ ተከልሎ ይጠበቃል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በብዙ ቦታም የጣራው ክዳን ሳይቀር ከዚያው ምድር በሚወጣ የማር መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ መንደሮቹ ከኮረብታው የበቀሉ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ያሠራው የበግ ጠጉር ነው። በመካከለኛው ዘመን የአካባቢው ሱፍ ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ስለነበር ነጋዴዎቹ ባተረፉት ገንዘብ ከመንደሮቹ ስፋት ጋር የማይመጣጠኑ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አሳነጹ። በ1401 የሞተው የሱፍ ነጋዴ ዊሊያም ግሬቭል በቺፒንግ ካምደን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ በዚያችው ከተማ ዋና መንገድ ላይ በ1627 የተሠራው ክፍት የገበያ አዳራሽም እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የወለሉ ድንጋይ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። የኮረብቶቹ ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ ባዝ ከተማ ናት፤ ጃንሆይ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1940፣ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ የሚገኘው እዚያ ነው። እናቴ ይህን በመንገድ ላይ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ካደረች በኋላ ግን በቁርስ ሰዓት ራሷ አነሣችውና «ጃንሆይ ይህን ብርድ አምስት ዓመት እንዴት ቻሉት?» አለች።

ጉዞው ቀላል ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ተነሥቶ ሞርተን-ኢን-ማርሽ የሚደርሰው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ መንደራችን ከዚያ በታክሲ ጥቂት ማይል ነው። ነገር ግን መኪና የሌለው ሰው ቀኖቹን በጥንቃቄ ሊቆጥር ይገባል። በዲሴምበር 24 ባቡሮቹ ከወትሮው ቀድመው ያቆማሉ፤ በ25 በመላ አገሪቱ ከሞላ ጎደል ባቡር የሚባል ነገር የለም፤ በ26ም አብዛኛው መስመር ዝግ ነው። የገጠሩ አውቶቡስም በገና ዕለት አይሠራም። ሱቅን በተመለከተ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የጸና ሕግ አለ፤ ከ280 ስኩዌር ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሱቅ በእንግሊዝና በዌልስ በገና ዕለት እንዲከፍት አይፈቀድለትም። ትናንሾቹ ቢፈቀድላቸውም በመንደር ውስጥ የሚከፍት የለም። ስለዚህ ወተትም ሆነ ዳቦ፣ የሕፃን መድኃኒትም ሆነ ባትሪ፣ ሁሉም በ24 ከቀትር በፊት ተገዝቶ ቤት መግባት አለበት። ይህን አከራይዋ በላከችው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ስለጻፈችልን አንዳች ነገር አልጎደለብንም፤ ይህን መልካምነቷን መዝግቤ ማለፍ እወዳለሁ።

ከብርዱ በፊት የሚያስደነግጠው ጨለማው ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ስምንት ሰዓት የማይሞላ ቀን ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በደመና የተሸፈነ ነው። በከተማ የመንገድ መብራትና የሱቅ መስኮት ጨለማውን ይሰውሩታል። በመንደሩ ግን አንድም የመንገድ መብራት የለም፤ ሰዎቹም እንዲኖር አይፈልጉም። ቤቱን መረከብ የሚቻለው ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ በብርሃን መድረስ ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው። ቁልፉ በቁጥር በሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ያለው ከጀርባ በር አጠገብ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ በስተኋላ ስለሆነ በስልክ መብራት እየዳበስን አገኘነው። በበሩ ላይ ሰው ሲቀርብ የሚበራ አንድ አምፖል ቢተከል ይህ ችግር በቀላሉ ይወገድ ነበር።

በሩ ሲከፈት የሚታየው ቤት በእርግጥ ያማረ ነው። ጣራውን የተሸከሙት ወፋፍራም የኦክ ወጋግራዎች በዘመን ብዛት ጠቁረዋል፤ ሳሎኑ በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል፤ በአንደኛው ጫፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባበት የሚችል የጥንት የእሳት ቦታ አለ፤ በውስጡም ጥቁር የብረት ምድጃ ተቀምጧል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሆሊ የሚሉት ቀይ ፍሬ ያለው ቅጠል ተጎንጉኗል፤ ጥግ ላይ እውነተኛ ጥድ በመብራት አጊጦ ቆሟል። የገና ዛፍ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ንግሥት ሻርሎት በ1800 በዊንዘር ባቆመችው እንደሆነ ይነገራል፤ ወደ ሕዝቡ የገባው ግን በኋላ፣ በቪክቶሪያና በአልበርት ዘመን ነው። ልጃችን ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ዛፉ ሮጠች። እኔ ግን ኮቴን ለማውለቅ እጄን ካነሣሁ በኋላ መልሼ ቆለፍሁት፤ ከአፋችን የሚወጣው እስትንፋስ በሳሎኑ ውስጥ ይታይ ነበርና።

እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ የቤቱ ዋጋ የሚለካው በዚህ ነውና። የአካባቢው የድሮ ቤቶች ግድግዳ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ አንዴ ከቀዘቀዘ ግን ለማሞቅ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይጠይቃል። ብዙዎቹ በቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ ባለቤቱ ያለ ልዩ ፈቃድ መስኮቱን ለውጦ ድርብ መስታወት ሊያስገባ አይችልም፤ ስለዚህ መስታወቱ ነጠላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ በኩል ላቦት ይወርድበታል፣ ከሥሩም እርጥበቱ ተጠራቅሞ እንጨቱን ያሻግተዋል። በተጨማሪም እንዲህ ላሉ መንደሮች የከተማው የጋዝ ቧንቧ ስለማይደርሳቸው ማሞቂያው የሚሠራው በጓሮ በተቀመጠ በርሜል ውስጥ በሚሞላ ላምባ ነው። ላምባው በመቶ ሊትሮች ተገዝቶ በቦቴ የሚመጣ በመሆኑ ባለቤቶቹ በቁጠባ ቢጠቀሙበት አይፈረድባቸውም።

የሚፈረድባቸው ግን ቁጠባውን እንግዳው ሳያውቀው ሲያደርጉት ነው። በዚህ ቤት ማሞቂያው በሰዓት መቆጣጠሪያ ተቆልፎ ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ማታ ለአራት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ከእኛ በፊት ቤቱ ለብዙ ቀናት ባዶ ሆኖ ስለሰነበተ ድንጋዩ እስከ ውስጡ ቀዝቅዟል። የማታው አራት ሰዓት ራዲያተሮቹን እንጂ ግድግዳውን አላሞቀውም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። በፎቅ ባለው መኝታ ክፍል የነበረው ትንሽ የሙቀት መለኪያ ንጋት ላይ 11 ዲግሪ ያሳይ ነበር። እናቴ ጋቢዋን፣ በጋቢዋ ላይ የቤቱን ብርድ ልብስ፣ በዚያም ላይ የእኔን ኮት ደርባ አድራ ጠዋት ወደ ግቢው ብቅ አለችና «ልጄ፣ ከውስጡ ብርድ የውጪው ይሻላል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በአገራችን ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰውን ታፍታታዋለች፤ የእንግሊዝ ገጠር ብርድ ግን በቁጥር ሲታይ ያን ያህል የከፋ ባይሆንም፣ ቀን ቀን ሰባት ስምንት ዲግሪ፣ ሌሊት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ቢሆንም፣ ፀሐይ የማያደርቀው እርጥብ ብርድ ስለሆነ በልብስ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ለሳምንቱ የከፈልነው 1,450 ፓውንድ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚጠየቅበት ቤት አረጋዊ እንግዳ እንደምትመጣ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ከመድረሳችን አንድ ቀን በፊት ማሞቂያው አለመለኮሱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ምድጃው መፍትሔ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ኋላም ሆኗል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ግን አልሆነም። በቅርጫት የተቀመጠልን ፍልጥ እርጥብ ነበር። እርጥብ ማገዶ ሲነድ ይንሿሿል፣ ከጫፍና ከጫፉ አረፋ ያወጣል፣ የምድጃውን መስታወት በጥላሸት ያጠቁረዋል፤ የሚሰጠው ሙቀት ውሃውን በማትነን ያልቃል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ሊሆን ስለሚችል ከመንደዱ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሊደርቅ ይገባዋል። ከሜይ 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ እርጥብ ማገዶን በትንሽ መጠን መሸጥ ተከልክሏል፤ በከረጢት የሚሸጠው ፍልጥ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥና ለመንደድ ዝግጁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት እንዲኖረው ግዴታ ነው። አከራይዋ የሰጠችን ከራሷ ግቢ የተቆረጠ ዛፍ ስለነበር ይህ ሕግ አይመለከታት ይሆናል፤ እኛ ግን በጢስ ተቀምጠን አመሸን።

በማግሥቱ ስደውልላት አከራይዋ ሳትከራከር ይቅርታ ጠየቀች። ከቀትር በኋላ ራሷ መጥታ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ፈታች፣ ስድስት ከረጢት የደረቀ ፍልጥም በነፃ አወረደችልን። ከዚያም ተንበርክካ የምድጃውን አያያዝ ለልጃችን አሳየቻት፤ ከታች ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ፣ በላያቸው ጭራሮ በመስቀለኛ ተደርድሮ፣ እሳቱ ከላይ ይለኮሳል፤ የአየር ማስገቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቆይና ነበልባሉ ሲረጋ ቀስ እየተባለ ይጠበባል። ከታች መለኮስ ለለመደ ሰው ነገሩ የተገለባበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭሱ በነበልባሉ ውስጥ አልፎ ስለሚቃጠል መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ቤቱም ጢስ ጢስ አይልም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሳሎኑ ሃያ አንድ ዲግሪ ደርሶ ሌሊቱንም አልቀዘቀዘም፤ እናቴም ወንበሯን ከምድጃው አጠገብ ስባ እንዝርቷን አወጣች። ስለዚህ ለአከራይዋ ቅንነት ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለቤቱ አዘገጃጀት ግን አልሰጥም፤ ለከፈልነው ዋጋ የሚገባን ሙቀት ደውለን የምንለምነው ሊሆን አይገባውም ነበርና።

ስለ በረዶም ልጥቀስ፤ ልጆች ያሉት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። በኮትስዎልድስ ገና በረዶ ይጥላል ብሎ ቤት የሚከራይ ሰው እንደሚያዝን አስቀድሞ ይወቅ። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነጭ ገና የሚለው በ25 ቀን ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አንዲት የበረዶ ብናኝ ስትወድቅ መታየቷን ነው፤ መላውን አገር በሰፊው የሸፈነ በረዶ በገና ዕለት መሬት ላይ የታየው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ በ2010 ነው። እኛ ያገኘነው አመዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በ24 ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር እያንዳንዱ የሣር ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን ነጭ ሆኖ፣ በአጥሩ በር ላይ የነበረው የሸረሪት ድር ደግሞ ክሩ ወፍሮ ተገኘ፤ ልጃችን በጣቷ ስትነካው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። የዚያው አመዳይ ሌላ ገጽታ መንገዱ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መኪናዎች ጨው የሚበትኑት በዋና ዋና መንገዶች ላይ ስለሆነ ወደ መንደሩ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ የማይታይ ግግር ተጋግሮ ይውላል፤ ቢጫው የጨው ሣጥን በየዳገቱ ሥር የተቀመጠው ነዋሪው ራሱ እንዲበትን ነው። የታክሲው ሹፌር ከኮረብታው ግርጌ አውርዶን ሻንጣችንን በእግር ተሸክመን እንደወጣን ለመጪው ተከራይ ልንገር።

በ24 ከቀትር በኋላ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የልጆች ጸሎት ነበረ። ክሪስቲንግል ይሉታል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ብርቱካን ይሰጠዋል፤ ብርቱካኑ ዓለምን፣ ወገቡ ላይ የታሰረው ቀይ ጥብጣብ የክርስቶስን ደም፣ በላዩ የተተከለችው ሻማ የዓለምን ብርሃን፣ ዘቢብና ከረሜላ የተሰካባቸው አራት ስንጥሮች ደግሞ አራቱን ወቅቶችና የምድርን ፍሬ ያመለክታሉ። ልማዱ ከሞራቪያውያን ክርስቲያኖች የመጣ ሲሆን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተስፋፋው ከ1968 ወዲህ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ልጆቹ ሻማቸውን ይዘው በድንጋዩ ምሰሶዎች ዙሪያ ክብ ሠሩ። የሰሙና የብርቱካኑ ልጣጭ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። እናቴ ቋንቋውን ባትከታተልም ነጠላዋን አጣፍታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ አስቀደሰች፤ ሌላው ሰው ተቀምጦ እሷ ብቻዋን እንደቆመች ያዩ አንዲት አረጋዊት በሦስተኛው መዝሙር ላይ ተነሥተው አጠገቧ ቆሙላት፤ እስከ መጨረሻም አልተቀመጡም። ስለዚህ ቦታ ግምገማ መጻፍ ስለማይገባ በዚሁ አልፋለሁ።

ወደ ፐቡ ልመለስ፤ የሳምንቱ ምርጥ ነገር እሱ ነውና። ለእኛ ዋናው ጥያቄ ጾም ነበር። የእነሱ ገና የሚውለው በዲሴምበር 25 ሲሆን የእኛ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚዘልቅ፣ ቱርኪውና ዝዩ በሚቀርብበት ዕለት እናቴና ባለቤቴ ጾመኞች ናቸው። የገና ምሳ በፐብ ለመብላት በኦክቶበር ቦታ መያዝ፣ ለያንዳንዱ ሰው 25 ፓውንድ ቀብድ መክፈል፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ደግሞ እያንዳንዱ የሚበላውን መርጦ መላክ ያስፈልጋል። ዋጋው ለአዋቂ 92 ፓውንድ፣ ለልጅ 45 ፓውንድ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይነካው ቪጋን ምግብ ዝርዝሩ ላይ ነበረ፤ ሆኖም ቪጋን የተባለው ዋናው ምግብ ብቻ ሆኖ ጎን ለጎን የሚቀርበው ሁሉ በቅቤ የሚሠራበት ቤት ስለማይጠፋ ጠንከር አድርጌ ጻፍሁላቸው። ለሚጾም ሰው ማወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ የእንግሊዞች የገና ድንች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበሰው በዝይ ወይም በበሬ ስብ ነው፤ ብራስልስ ስፕራውት የሚሉት ትናንሽ ጥቅል ጎመን በቅቤ ወይም ከአሳማ ሥጋ ጋር ይታሻል፤ የዳቦው ሶስ ወተት አለው፤ የገናው ፑዲንግም በጥንቱ አሠራር የበሬ ሞራ ይገባበታል፤ በዘይት የተዘጋጀ ምትክ ግን አለ። ከፐቡ የመጣልኝ መልስ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጠርቶ በምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ነበር፤ በመጨረሻም ምን ሰዓት መብላት እንደምንፈልግ ጠየቁኝ።

ሰዓቱ ትርጉም ነበረው። ምሳው የሚቀርበው በሁለት ዙር፣ በስድስት ሰዓትና በስምንት ሰዓት ተኩል ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ሁለተኛውን መረጥን፤ የእርሷ ሳህን ከዘጠኝ በፊት እንዳይመጣም ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ንጉሡ በየዓመቱ ለሕዝባቸው የገና ንግግር የሚያሰሙበት ሰዓት ነው፤ ልማዱን በ1932 በራዲዮ የጀመሩት ጆርጅ አምስተኛ ናቸው፣ ከ1957 ጀምሮ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። የፐቡ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ንግግሩም አበቃ፤ ወዲያው ወጥ ቤቷ ራሷ የእናቴን ሳህን ይዛ ወጣች። በሳህኑ ላይ በቼስትነት፣ በእንጉዳይና በለውዝ ዓይነቶች ተደባልቆ በዳቦ መልክ የተጋገረ ምግብ፣ ለብቻው በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ በሮዝመሪ የተጋገረ ካሮትና ፓርስኒፕ፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ከፖም ጋር ተቀቅሎ፣ በአትክልት መረቅ የተሠራ ግሬቪም በትንሽ ማንቆርቆሪያ ቀረበ። ድንቹን ለብቻው ላወድስ፤ አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ማሰሮው ውስጥ ተንጦ ጠርዙ እንዲፈረፈር ተደርጎ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ስለገባ ቅርፊቱ ሲነከስ ይሰበራል፣ ውስጡ ግን ልስልስ ነው። እናቴ ጨምራ ጠየቀች፤ ከመጣች ጀምሮ በፈረንጅ ቤት ጨምሩልኝ ስትል የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እኔና ልጃችን የበላነው ቱርኪ መልካም ነበረ፤ እንደ ወትሮው ሁሉ ደረቱ ትንሽ ደረቅ ብሏል፤ ከክራንቤሪው ሶስ ጋር ግን ይሄዳል። ከምግቡ በፊት ክራከር ተሰጠን፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ሲጎትቱት ጧ ብሎ የሚፈነዳ የወረቀት ጥቅል ነው፤ በ1847 በለንደን ቶም ስሚዝ የተባለ ከረሜላ ሠሪ ያወጣው ነው ይባላል። ከውስጡ የሚወጣውን የወረቀት ዘውድ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ሰው ይደፋል። ፑዲንጉ ሲመጣ መብራቱን ቀነስ አደረጉት፤ በጥቁሩ ድፍን ኬክ ላይ የፈሰሰው ብራንዲ ተለኩሶ ሰማያዊ ነበልባል በጎኑ እየተንሸራተተ ወረደ። የጾመኞቹ ፑዲንግ ለብቻው ተቀቅሎ፣ በቅቤው ፋንታ ከአጃ ወተት የተሠራ ኩስታርድ ተደርጎበት መጣ። ሒሳቡ ለጾመኛውም ላልጾመውም አንድ ነው፤ ይህ ይበዛል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን በአንድ የበዓል ቀን ለሁለት ዓይነት ወጥ ቤት የሚወጣውን ድካም ስላየሁ ተገቢ ነው እላለሁ።

በ26 ቀን የመንደሩ ሰው ሁሉ ለእግር ጉዞ ይወጣል። በእንግሊዝ ሕግ የተመዘገበ የእግር መንገድ በግለሰብ እርሻ መካከል ቢያልፍም ማንም ሰው ሊሄድበት መብት አለው፤ በጎች ባሉበት ውሻን በቅርብ ተቆጣጥሮ፣ በሩንም እንዳገኘው ትቶ ማለፍ ይገባዋል። ለአካባቢው የሚያስፈልገው ካርታ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትመው ኦኤል 45 ነው፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ቅጂ ተቀምጦልናል። ቦቲ ጫማ የሌለው ሰው አይሞክረው፤ በእርሻው በር አካባቢ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ቤቱ በተለያየ ቁጥር የተደረደሩ ቦቲዎችን ለእንግዶች አስቀምጧል፤ ለእናቴም የሚሆን አልጠፋም።

እንግዲህ በብርዱ ወራት የገጠር ቤት ለመከራየት ያሰበ ሰው ከፎቶግራፉ ይልቅ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ማሞቂያው በምን እንደሚሠራ፣ እንግዳው ራሱ ሊከፍተውና ሊዘጋው ይችል እንደሆነ፣ ከመድረሱ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ማገዶው የደረቀ ስለመሆኑ፣ ምድጃው ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስለመኖሩ፣ ፐቡና ቤተ ክርስቲያኑም ያለ መኪና በእግር ይደረስባቸው እንደሆነ። የኋለኛው ቀላል መስሎ አይታይ፤ እኛን ያስደሰቱን ነገሮች ሁሉ በእግር የደረስንባቸው ናቸው።

ስለ ዋጋውም አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚጠቅም ነው። እንግሊዞቹ የገናቸውን ጌጥ በጃንዋሪ 5 ወይም 6 ያወርዳሉ፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት ስለሚመለሱ የኪራዩ ዋጋ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ይኸው ቤት የእኛ ገና በሚውልበት ሳምንት ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ይከራያል፤ ለሦስት ሌሊት ብቻ መያዝም ይፈቀዳል። ዛፉና ዝማሬው አይኖርም፤ ቀኑም ያው አጭር ነው። ነገር ግን የሌሊቱን ቅዳሴ በከተማ አስቀድሶ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ መሄድ ይቻላል፤ ፐቡም በዚያ ወቅት የአካባቢውን በግ ጠብሶ ያቀርባል። እኛም ለመጪው ታኅሣሥ 29 ማግሥት ቤቱን ጠየቅን። አከራይዋ ማሞቂያው ከዋዜማው ጀምሮ እንደሚበራ፣ መቆጣጠሪያውም እንደማይቆለፍ በጽሑፍ ስላረጋገጠችልን ቀብዱን ከፍለናል።